ሸራ ሲወርድ ቡሙን ምን ይያዘው? ማንጠልጠያ ገመድ ወይስ ባለሞላ ድጋፍ

ነፋሻው

ሰላም ለሁላችሁ። 6.5 ሜትር ርዝመት ባላት ባለሸራ ጀልባ ላይ ለቡሙ፣ ማለትም የሸራውን የታች ጠርዝ ለሚይዘው አግድም ቱቦ፣ ድጋፍ መግጠም ፈልጌ ነው። አሁን ያለው ምሰሶውን ከኋላ በሚይዘው ሽቦ ላይ የታሰረች፣ ጫፏ ላይ መንጠቆ ያላት አጭር ሽቦ ብቻ ናት። ጀልባዋ ታስራ ስትቆም ትበቃለች። ውሃ ላይ ግን ሸራ ለማሳጠር መስቀያ ገመዱ ሲላላ ቡሙን የሚይዝ ነገር የለም፤ ጫፉ ቀጥታ ኮክፒት (የጀልባዋ መቀመጫ ጉድጓድ) ውስጥ በተቀመጠው ሰው ላይ ይመጣል።

ልኮቹ እነዚህ ናቸው። ቡሙ 2.70 ሜትር፤ ክብ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ዲያሜትሩ 8 ሳንቲ፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ። ከቡሙ እስከ ምሰሶው ጫፍ 7.50 ሜትር። ቡሙ ከምሰሶው ጋር የሚያያዝበት ማጠፊያ ከምሰሶው እግር 60 ሳንቲ ከፍ ይላል። ከቡሙ ስር ቡሙን ወደ ታች የሚስብ ተራ የፑሊ ቫንግ አለ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከምሰሶው ጫፍ ወርዶ የቡሙን ጫፍ የሚይዘው ቶፒንግ ሊፍት፣ ማለትም ማንጠልጠያ ገመዱ ይሻላል ወይስ ከስር ወደ ላይ የሚገፋው ባለሞላ ቫንግ? የትኛውም ቢሆን ደግሞ ስንት ኪሎ እንዲሸከም ተደርጎ ይሠራ?

ጋሽ ቀዛፊ

ከምርጫው በፊት ሚዛን ይቅደም። ሸራውን ቡሙ ላይ አጣጥፈህ እሰር፣ ከዚያ ለሻንጣ መመዘኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ሚዛን ቡሙ ጫፍ ላይ አስገብተህ ቡሙ አግድም እስኪሆን ወደ ላይ ሳብ። የሚያስፈልግህ ሚዛኑ የሚያነበው ቁጥር ነው፤ የቡሙን ሙሉ ክብደት ማወቅ ግድ አይልህም። ሜንሺቱ፣ ማለትም ቡሙን ወደ ውስጥ የሚስበውና ወደ ጎን የሚለቀው ገመድ፣ ሙሉ በሙሉ የላላ፣ ቫንጉም የተፈታ ይሁን፤ አለዚያ የምትመዝነው የገመዶቹን ውጥረት ነው። ሸራውንም አርጥበው። ሸራ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ዝናብና ማዕበል ባለበት ሰዓት ነው፣ ያኔ ደግሞ ከባድ ነው።

ያችን መንጠቆ ግን ከአሁኑ ለማውለቅ አስብ። ሸራው ተሰቅሎ ሳለ መንጠቆዋ ሳትፈታ ከቀረች ቡሙ መሃል ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ነፋስ ድንገት ሲበረታ ሜንሺቱን ብትለቀውም ቡሙ ወደ ጎን ስለማይሄድ ሸራው ነፋሱን ማፍሰስ አይችልም፤ ትንሽ ጀልባ በዚህ ትገለበጣለች።

ነፋሻው

አመሰግናለሁ ጋሼ። በእርጥብ ሸራ 10 ኪሎ ያነባል።

ባለትራፓኖ

እንግዲያው ስሌቱ ቀላል ነው። ጫፉ ላይ 10 ኪሎ፣ ርዝመቱ 2.70፤ ማጠፊያው ላይ የሚያርፈው የማዞር ጉልበት 27 ኪሎ በሜትር ይሆናል። ከስር የሚገፋው ድጋፍ ይህንን ማሸነፍ አለበት።

የታችኛውን መያዣ ከምሰሶው እግር 10 ሳንቲ ከፍ አድርገህ ገጠምከው እንበል፤ ከማጠፊያው 50 ሳንቲ ዝቅ ይላል ማለት ነው። የላይኛውን ቡሙ ላይ ከማጠፊያው በ50 ሳንቲ ርቀት ብታደርገው ድጋፉ 45 ዲግሪ ይዞ ይቆማል፣ መግፋት ያለበትም 76 ኪሎ ነው። በ70 ሳንቲ ብታደርገው 66፣ በ90 ሳንቲ 62 ኪሎ ይሆናል።

ብዙ ሰው 45 ዲግሪ ካልሆነ አይሠራም ይላል። ምሰሶው ላይ ያለህ ቁመት የተወሰነ ከሆነ ግን ይህ አይጸናም፤ ቡሙ ላይ ወደ ውጭ በሄድክ ቁጥር ድጋፉ እየተኛ ቢመጣም የሚፈለገው ጉልበት ይቀንሳል። ወሰን ግን አለው። ከ30 ዲግሪ በታች ትርፉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ዘንጉ ግን እየረዘመ ስለሚሄድ በጎን መታጠፍ ይጀምራል። ላንተ ልክ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ያለው ቦታ ጥሩ ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ ሦስት ነው ያለው፦ ቱቦ ውስጥ የብረት ሞላ ያለበት፣ ጋዝ የተሞላበት፣ እንዲሁም በሚጎብጡ የፋይበርግላስ ዘንጎች የሚገፋው። ሦስቱም ወደ ላይ ብቻ ነው የሚገፉት፤ ወደ ታች የሚስበው የፑሊ ቫንግ አብሮ ይቀጥላል።

ሰው የሚሳሳተው ቀዳዳ ላይ ነው። ላይኛው መያዣ 90 ሳንቲ ላይ ሲሆን የቡሙ ጫፍ 40 ሳንቲ ሲወጣ ወይም ሲወርድ ድጋፉ የሚረዝመው ወይም የሚያጥረው 6.5 ሳንቲ ገደማ ብቻ ነው። የተገላቢጦሹን አስበው፦ መያዣውን በድጋፉ አቅጣጫ 1 ሳንቲ አሳስተህ ብትቦርቦር የቡሙ ጫፍ 6 ሳንቲ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ያርፋል። ስለዚህ የቡሙ ቀዳዳ መጨረሻ ላይ ነው የሚበሳው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ የምሰሶውን መያዣ መጀመሪያ ግጠም። የቡሙን ጫፍ በሸራ መስቀያው ገመድ አንጠልጥለህ ከአግድም 10 ሳንቲ ከፍ ብሎ እንዲቆም አድርግ። ድጋፉን ከምሰሶው ጋር በፔርኖው አያይዘህ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ጥቂት ሳንቲ ወደ ውስጥ እንደገባ ቡሙ ስር አስጠጋውና መያዣው የሚያርፍበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግ። ለጊዜው በጠንካራ ማሰሪያ ጠፍረህ ቡሙን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አወዛውዘው። ሳይነክስ ከሄደ ያኔ ቦርቡር።

ምሰሶ ጠጋኝ

የባለትራፓኖ ቁጥሮች ትክክል ናቸው። ድጋፉን ከመግዛት በፊት ግን የማጠፊያው ዓይነት ይታወቅ። ነፋሻው፣ ማጠፊያው ምሰሶው ላይ በሪቬት የተመታ ቋሚ ነው? ወይስ ምሰሶው ጀርባ ላይ ባለው ሐዲድ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት? ቡሙስ ወደ ምሰሶው የሚያያዘው በቡሎንና በዳዶ ነው ወይስ ዘንግ ላይ እንዲሁ ተሰክቶ ነው የሚቀመጠው?

ነፋሻው

የሚንሸራተት ነው። ከስሩ ወደ ታች የሚስበው ገመድ አለ፤ የሸራውን የፊት ጠርዝ የምናጠብቀው በሱ ነው። ቡሙ ደግሞ በፔርኖና በኮፒላ ነው የተያያዘው።

ምሰሶ ጠጋኝ

ነገሩን የሚወስነው ይኸው ነው።

ከስር የሚገፋ ድጋፍ ቡሙን ወደ ላይ ብቻ አይደለም የሚገፋው፤ አንግል ስላለው ወደ ኋላም ይገፋዋል፣ ከምሰሶው ሊያላቅቀው ይሞክራል። የዚህ ጉልበት መጠን የላይኛው መያዣ የትም ቢሆን አይለወጥም፦ 27 ለ0.50 ሲካፈል 54 ኪሎ። ቡሙ ዘንግ ላይ እንዲሁ የተሰካ ቢሆን ኖሮ ድጋፉ ራሱ ነቅሎ ይጥለው ነበር። በትንንሽ የእሽቅድምድም ጀልባዎች ላይ ያለው ማጠፊያ እንደዚያ ነው፤ እነሱ ላይ ይህ ድጋፍ ያለ ተጨማሪ ማሰሪያ አይገጠምም። ያንተ በፔርኖ ስለተያዘ ከዚህ ነጻ ነህ። ይሁንና ኮፒላው በየጊዜው ይታይ፤ ፔርኖው ከአሁን ወዲያ አንዴ ይገፋል፣ አንዴ ይሳባል፣ ቀዳዳውም ቶሎ ይሰፋል።

ሁለተኛው ችግር ግን ቀጥታ አንተን ይመለከታል። ድጋፉ በ50 ሳንቲ ላይ ቢሆን ወደ ላይ የሚያነሳው 54 ኪሎ ነው። ቡሙና ሸራው በጠቅላላው 20 ኪሎ ገደማ ናቸው፤ ክብደቱ እኩል ከተዳረሰ የጫፉ ንባብ ግማሹ ስለሆነ። ትርፉ 34 ኪሎ የት ይሄዳል? ማጠፊያውን ወደ ላይ ይገፋል። የሚንሸራተት ማጠፊያ ደግሞ ይሄዳል! በ90 ሳንቲ ላይ ትርፉ ወደ 10 ኪሎ ይወርዳል፤ ያም ቢሆን የታችኛው ገመድ ሲላላ ማጠፊያው ሐዲዱ ላይ ሽቅብ ይወጣል፣ የቡሙ ጫፍም በዚያው ልክ ይዘቀዝቃል። እንዲያ ከሆነ ድጋፍ የለህም ማለት ነው።

መፍትሔው ሐዲዱ ላይ ከማጠፊያው በላይም በታችም የሚቆልፍ ማቆሚያ ማድረግ ነው። ያኔ ግን የሸራውን የፊት ጠርዝ በማጠፊያው ማጥበቅ አትችልም፤ ሸራው ላይ ከማዕዘኑ ከፍ ብሎ የሚገባ ቀለበትና ገመድ ያስፈልጋል። ይቻላል፣ ግን አንድ ድጋፍ ልግጠም ብለህ ሦስት ነገር ትለውጣለህ።

ለማንጠልጠያ ገመድ ይህ ሁሉ የለም። ከጫፉ ስለሚይዝ ማጠፊያው ላይ 10 ኪሎ ቁልቁል ብቻ ይቀራል፣ ወደ ምሰሶው የሚገፋው ደግሞ 4 ኪሎ አይሞላም። ማጠፊያው ቢንሸራተትም አይጎዳውም።

ባለትራፓኖ

ስለ ሐዲዱ እስማማለሁ፤ ቋሚ ማጠፊያ ላለው ሰው ግን አሁንም ባለሞላውን ነው የምመርጠው። ላይ ምንም የሚወዛወዝ ገመድ የለም፣ ሸራውን የሚፈትግ የለም፣ ሸራ ሲወርድ ማንም ምንም ማሰብ አይጠበቅበትም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የታችኛው መያዣ መዞሪያ ከቡሙ ማጠፊያ መዞሪያ ቀጥታ በታች መሆን አለበት። ማጠፊያው ከምሰሶው 6 ሳንቲ ወደ ኋላ ወጥቶ፣ መያዣው 2 ሳንቲ ብቻ ከወጣ፣ ቡሙ ወደ ጎን በሄደ ቁጥር የድጋፉ ርዝመት ይለወጣል። ቡሙ መሃል ላይ ሳለ በልኩ የነበረው፣ ወደ ጎን ሲከፈት ይነክሳል ወይም ይላላል፤ መያዣዎቹን የሚሰብረውም ይኸው ነው።

ጋሽ ቀዛፊ

ሰው ሲደገፍበትስ? ቆሞ ሚዛኑን የሳተ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው ቡሙን ነው። 80 ኪሎ ሰው ጫፉ ላይ ቢንጠለጠል ማንጠልጠያው ገመድ ላይ የሚያርፈው 96 ኪሎ ገደማ ነው፤ ጤነኛ 5 ሚሊ ፖሊስተር ገመድ ይህንን ሳይጨነቅ ይችላል። ያው ሰው በ90 ሳንቲ ላይ ያለውን ባለሞላ ድጋፍ ግን ከ550 ኪሎ በላይ ነው የሚጫነው። ሞላው ተጨፍልቆ ጥጉን ይመታል፣ ከዚያ ሪቬቶቹ ይነቀላሉ ወይም ስሱ ቡም እዚያው ይታጠፋል። ስለዚህ ባለሞላ የገጠመ ሰው ለተሳፋሪ ሁሉ ቡም ላይ መደገፍ ክልክል ነው ብሎ መናገር አለበት።

ለነፋሻው ፍርዴ ማንጠልጠያ ገመድ ነው።

ሸራ ሰፊዋ

ማንጠልጠያ ገመድ ይሁን ካላችሁ ሸራውን እንዳይበላው ሆኖ ይሠራ። ሸራው ተሰቅሎ ሲሞላ ቡሙን ከፍ አድርጎ የሚይዘው የሸራው የኋላ ጠርዝ ነው፤ ያኔ ማንጠልጠያው ይላላል፣ መላላትም አለበት። የላላው ገመድ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የኋላውን ጠርዝ እየገረፈና እየፈተገ ይውላል። የሚጎዳው ጨርቁ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ የሚሄደው የሸራውን ቅርጽ በሚይዙት ዘንጎች ኪስ ጫፍ ላይ ያለው ክር ነው፣ ምክንያቱም እዚያ ሸራው ወፍራምና ወጣ ያለ ነው። ክሩ ሲበጠስ ዘንጉ ሾልኮ ውሃ ውስጥ ይገባል። የፕላስቲክ ልባስ ያለው ሽቦ ደግሞ ከገመድ የባሰ ነው፤ ይከብዳል፣ አመታቱ ይጠነክራል፣ ልባሱ ውስጥ ውሃ ገብቶ ሲዝገው ከውጭ አይታይም።

መፍትሔው ላስቲክ ገመድ ነው። ከማንጠልጠያው ላይ 60 ሳንቲ ለኩ፣ 4 ወይም 5 ሚሊ የሆነ 35 ሳንቲ ላስቲክ ሁለቱ ጫፍ ላይ ስፉት ወይም በቀጭን ክር አጥብቃችሁ ጠምጥማችሁ እሰሩት። ገመዱ ክብደት ሲይዝ ይወጠራል፣ ላስቲኩ አብሮ ይለጠጣል፣ ሸክሙን ግን ገመዱ ነው የሚይዘው። ሲላላ ላስቲኩ 25 ሳንቲውን ሰብስቦ ይይዘዋል። ቦታው ከላይ ይሁን፣ ከምሰሶው ጫፍ 1 ሜትር ገደማ ወረድ ብሎ። ታች ብታደርጉት የተሰበሰበው ቀለበት የዘንግ ጫፍ ይይዛል።

ልኩን ለማወቅ ነፋስን ወደ ፊት ሰያፍ ይዛችሁ ሜንሺቱ ጠብቆ ስትሄዱ ቡሙ ጫፍ ላይ ማንጠልጠያውን በእጅ ሳቡ። ላስቲኩ እየተለጠጠ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ መምጣት አለበት። ቀጥ ብሎ ከደነደነ ቡሙን የያዘው ገመዱ ነው፣ ሸራው አይደለም። ያኔ የኋላው ጠርዝ ይላላል፣ የሸራው ላይኛ ክፍል ነፋሱን ያፈሳል፣ ጀልባዋም ወደ ነፋሱ መጠጋት ያቅታታል። ሸራው ጥሩ ሆኖ ሳለ ተበላሽቷል እየተባለ ወደ ሰፊ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ነፋሻው

እንግዲያው ማንጠልጠያ ገመድ ነው። ምሰሶው በሁለት ሰው ይወርዳል፣ ስለዚህ ጫፉ ላይ መሥራት ችግር የለውም። ማስተካከያው የት ይሁን? ምሰሶው እግር ነው ወይስ ቡሙ ላይ? የገመዱስ ርዝመት?

ምሰሶ ጠጋኝ

ላንተ ጀልባ ቡሙ ላይ። ምሰሶው ጫፍ ላይ ፑሊ አስገብቶ ገመዱን እስከ እግሩ ማውረድ ለትልልቅ ጀልባ ነው፤ ገመዱ እጥፍ ይረዝማል፣ ምሰሶው ውስጥ ወይም ውጭ የሚንጫጫ ሌላ ገመድ ይጨመራል፣ ለማስተካከልም ከኮክፒት ወጥተህ ወደ ፊት መሄድ አለብህ።

ከምሰሶው ጫፍ እስከ ቡሙ ጫፍ ያለው ሰያፍ ርቀት 7.97 ሜትር ነው፤ 8 ሜትር በለው። ገመዱን በሁለት ክፍል ሥራው። የላይኛው ክፍል ከምሰሶው ጫፍ ተነስቶ ከቡሙ ጫፍ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ያልቃል፤ የተጠናቀቀ ርዝመቱ 7 ሜትር ይሁን፣ ለሁለቱ ጫፍ ቋጠሮና ለላስቲኩ ክፍል ማስተካከያ 8 ሜትር ግዛ። መጨረሻው ላይ ፑሊ ሳይሆን ለስላሳ የአሉሚኒየም ቀለበት እሰር። ፑሊ ይከብዳል፣ ሸራውን ይመታል፣ ማዕዘኑም ይነክሳል፤ በ10 ኪሎ ሸክም ቀለበቱ የሚጨምረው ሰበቃ አያስቸግርም።

የታችኛው ክፍል 4.5 ሜትር ነው። አንዱን ጫፍ ከቡሙ መጨረሻ አያይዝ፣ ወደ ላይ ወስደህ በቀለበቱ አሳልፈው፣ መልሰህ አውርደህ ቡሙ ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ፑሊ አዙረህ በቡሙ ጎን ወደ ፊት አምጣው። ማሰሪያ ክሊቱ ከቡሙ ጫፍ 1 ሜትር ወደ ፊት ይሁን፤ ያኔ ቡሙ ትንሽ ወደ ጎን ቢከፈትም ከኮክፒት እጅ ይደርሳል። ገመዱ በቀለበቱ ሁለት እጥፍ ስለሚሆን የምትስበው ጉልበት ይቀንሳል፤ የቡሙን ጫፍ 30 ሳንቲ ለማንሳት 60 ሳንቲ ትስባለህ። ክሊቱ ባለሁለት ቀንድ ይሁን። በጥርስ የሚነክሰው ዓይነት በክርን ወይም በሜንሺቱ ሲመታ ይለቃል፣ ቡሙ ደግሞ አያስጠነቅቅም።

ምሰሶው ጫፍ ላይ የምታስረው ከኋላ በኩል ባለው ቀዳዳ ነው፣ ከኋላ ሽቦው ፊት ሆኖ። የሸራ መስቀያው ገመድ በሚወጣበት ፑሊ አጠገብ ካደረግከው ሸራው ሲወጣ ይጠመዘዙና ግማሽ መንገድ ላይ ይነክሳሉ። ገመዱ ቀዳዳውን በቀጥታ አይንካ፤ በ5 ሚሊ ስቴንለስ ሻክል (በፔርኖ የሚዘጋ የብረት ማያያዣ) እና የገመዱን ዓይን ከመበላት በሚከላከል የብረት ጉንጉን ይያያዝ። የሻክሉን ፔርኖ በፒንሳ አጥብቀህ በቀጭን ስቴንለስ ሽቦ እሰረው። ምሰሶው እየተንቀጠቀጠ ያልታሰረ ፔርኖ ይፈታዋል፤ እላይ ስለሆነ ደግሞ ሲፈታ የሚያየው የለም።

ሸራ ሰፊዋ

ገመዱ ፖሊስተር ይሁን። ናይለን ይለጠጣል፤ ሰው ሲደገፍበት ቡሙን እስከ ጭንቅላት ያወርደዋል፣ ሲረጥብ ደግሞ ይብሳል። ዳይኒማ የሚባለው በጣም ጠንካራ ሰው ሠራሽ ገመድ 3 ሚሊም ቢሆን ጥንካሬው ይበቃል፣ ለእጅ ግን ቀጭን ስለሆነ የላይኛው ክፍል ላይ ብቻ ይሁን። ተራው የቦውላይን ቋጠሮ ዳይኒማ ላይ ስለሚንሸራተት ጫፉን በራሱ ውስጥ መልሶ መጎንጎን ያስፈልጋል።

ባለትራፓኖ

ስለ ቀዳዳና ማያያዣ፣ በተለይ ግድግዳው 2 ሚሊ ስለሆነ።

ቡሙ ጫፍ ላይ ያለው ክዳን አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳ ወይም ጆሮ ይኖረዋል፤ ካለ አዲስ አትብሳ። ለክሊቱና ለፑሊዋ ጥርስ አውጥቶ ቪቴ ማስገባት ይቀናል፣ ግን ቁጥሩን እይ፦ የ6 ሚሊ ቪቴ ጥርስ 1 ሚሊ ይራራቃል፣ ስለዚህ 2 ሚሊ ግድግዳ የሚይዘው ሁለት ጥርስ ብቻ ነው። ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ ይነቀላል። የሚሻለው 4.8 ሚሊ የሞኔል (የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ) ሪቬት ነው፣ በ4.9 ሚሊ ቀዳዳ። የአሉሚኒየም ሪቬት ለጌጥ ካልሆነ እዚህ ቦታ አይበቃም። ሞኔል ጠንካራ ስለሆነ ትንሿ የእጅ ሪቬት መምቻ አትስበውም፤ ረጅም እጀታ ያላት ያስፈልጋል።

ቀዳዳዎቹን ቱቦው ዙሪያ በአንድ መስመር አትደርድር፣ ቱቦው እዚያው ላይ ይታጠፋል። በርዝመቱ አቅጣጫ ይሁኑ፣ በመካከላቸውም ቢያንስ 2 ሳንቲ ይኑር። ከመብሳትህ በፊት ነጥቡን በመዶሻና በነጥብ ማውጫ ምታ፣ አለዚያ መሰርሰሪያው ክብ ቱቦ ላይ ይንሸራተትና ቀለሙን ይገሸልጠዋል። የቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ አለስልስ፣ ቡሙ ውስጥ የቀረውን ፍቅፋቂ አራግፈህ አውጣ፤ ቡሙ ውስጥ የሚያልፉ ገመዶች ካሉ ይቆራርጣቸዋል።

ስቴንለስና አሉሚኒየም ጨዋማ ውሃ ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ከስሩ ነጭ ዱቄት ሲወጣ ነው የሚታወቀው፣ ያኔ ቀዳዳው ሰፍቷል። በእያንዳንዱ ዕቃ ስር ስስ የናይለን ንጣፍ ወይም ሁለት ድርብ ወፍራም ፕላስተር አድርግ፣ ሪቬቱን ደግሞ ሁለቱ ብረቶች እንዳይበላሉ በሚከላከል ቅባት፣ በዱራላክ ወይም በቴፍ ጄል፣ ቀብተህ ምታ።

ነፋሻው

ሸራ ሲያጥር ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው? መንጠቆዋን ካወለቅኩ ደግሞ ጀልባዋ ታስራ ስታድር ቡሙ አይወዛወዝም ወይ?

ጋሽ ቀዛፊ

መጀመሪያ ማንጠልጠያውን ክብደት እስኪይዝ ሳብ፣ ግን ቫንጉ ከመፈታቱ በፊት አትታገለው፤ ቫንጉ ወደ ታች፣ አንተ ወደ ላይ እየሳባችሁ ሁሉንም ነገር ታስጨንቃላችሁ። ስለዚህ ቫንግ ይፈታ፣ ማንጠልጠያው ይሳብ፣ ሜንሺቱ ይላላ፣ ከዚያ ነው መስቀያው ገመድ የሚወርደው። የፊት ማዕዘኑን አያይዝ፣ የኋላውን ማሳጠሪያ ገመድ ሳብ፣ ሸራውን መልሰህ አጥብቀህ ስቀል። ከዚያ ማንጠልጠያውን ልቀቅ። የሚረሳው ይህቺ የመጨረሻዋ ናት፤ ሸራ ሰፊዋ የተናገረችው የሸራ መላላት የሚመጣው ከሷ ነው።

ሸራ ሲሰቀል አፍንጫዋ ቀጥታ ወደ ነፋሱ ይዙር። ሸራው ወደ ጎን ከተነፋ የዘንጎቹ ጫፍ ከማንጠልጠያው ጀርባ ይገባል፤ ያኔ በጉልበት አትሳብ፣ ግማሽ ሜትር አውርደህ ነጻ አድርገህ ቀጥል።

ስለ ማደሩ ልክ ነህ፤ ማንጠልጠያ ገመድ ያነሳል እንጂ አያስቆምም። ሜንሺቱን ብታጠብቀው መወዛወዙ ይቀንሳል፣ ሌሊቱን ሙሉ ግን ማጠፊያውና ሻክሉ ይፋተጋሉ። ለመቆሚያ በመቀስ መልክ የሚከፈት የእንጨት ድጋፍ ሥራ። ሁለት ጠንካራ እንጨት፣ እያንዳንዱ 115 ሳንቲ ርዝመት፣ 5 ሳንቲ ስፋት፣ 2 ሳንቲ ውፍረት። ከላይኛው ጫፍ 25 ሳንቲ ወረድ ብለህ ሁለቱንም ቦርቡርና በ8 ሚሊ ቡሎን አያይዛቸው፣ በሁለቱም ወገን ሰፊ ሮንደላ፣ ዳዶውም የማይፈታው ባለናይለን ይሁን። እግሮቹ 70 ሳንቲ እንዲከፈቱና ከዚያ እንዳያልፉ ታች በገመድ እሰራቸው። ያኔ የ8 ሳንቲ ቡምህ ከወለሉ 95 ሳንቲ ገደማ ከፍ ብሎ ያርፋል። ኮክፒትህ ሌላ ቁመት ከፈለገ የታችኛውን እግር ነው የምታስረዝመው፣ የላይኛውን 25 ሳንቲ አትንካ፤ ካሳጠርከው ቡሙ በደንብ ሳይገባ አፋፉ ላይ ይቀመጣል። ቡሙ የሚያርፍበትን ቆዳ አልብሰው፣ እግሮቹ ስር ጎማ ለጥፍ። ቡሙን አስቀምጠህ ሜንሺቱን ወደ ታች ስታጠብቀው ማንጠልጠያው እንዲላላ አድርግ፤ ሁለቱ አብረው ከጠበቁ እንጨቱ ይቆለመማል።

ነፋሻው

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ሸራው ሲወርድ ሰብስበው የሚይዙት የጎን ገመዶች ኋላ ቢጨመሩ፣ ማንጠልጠያውን ማውለቅ ይቻላል?

ምሰሶ ጠጋኝ

እንደ አሠራራቸው ነው፣ በአብዛኛው ግን አይቻልም። እነዚያ ገመዶች የተጣጠፈውን ሸራ ከጎን እንዲይዙ የተሠሩ ናቸው፤ 3 እና 4 ሚሊ ናቸው፣ ምሰሶው መሃል ላይ በትንንሽ ሪቬት ነው የሚታሰሩት። ቡሙን የሚይዙትም ከመሃሉ ስለሆነ ከጫፉ ይልቅ ብዙ ኪሎ ያርፍባቸዋል፤ ከማጠፊያው 1.35 ሜትር ላይ ቢይዙት 10 ኪሎው 20 ይሆናል፣ ገመዶቹ ሰያፍ በመሆናቸው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። 80 ኪሎ ሰው ጫፉ ላይ ከተደገፈ በሪቬቶቹ ላይ ከ180 ኪሎ በላይ ነው የሚመጣው። ቢገጠሙም ማንጠልጠያው በቦታው ይቆይ፣ የጎን ገመዶቹም እሱ ክብደቱን ሲይዝ ትንሽ የላሉ እንዲሆኑ ተደርገው ይለኩ።